አሜን የተባለለት ጊታር

ጠዋት ያ ስፒከር ሲጮህ እኔን አይተኸኛል? ማይኩን ይዘህ «ሙከራ፣ ሙከራ» ስትል ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ አንተም ደንግጠህ ቁልፉን አዞርክና «ይቅርታ» አልክ። እኔ ጆሮዬን አልያዝኩም። ያንን ጩኸት ከሰማሁት ስንት ዘመኔ ነው! ሣጥኑ ውስጥ የተኛው ሰው መነሳት ቢችል ኖሮ እጅህን ይዞ «ተወው፣ አታጥፋው፣ ትንሽ ጠጋ አድርገው» ይልህ ነበር።

ገመድህን እየጠቀለልክ ስማኝ። ሰዉ ምግብ ላይ ነው፣ የሚያጣድፍህ የለም። ስለ ሟቹ ዛሬ የተባለውን ሁሉ ሰምተሃል። በስደቱ ዘመን ስለ እምነቱ የታሰረ፣ ጊታሩን ለጌታ የሰጠ፣ ያንን የታወቀ መዝሙር ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተ። ቆንጆ ንግግር ነበር። እውነት ብቻ ጎደለው።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ሆሳዕና፣ ትልልቆቹ ዋቸሞ የሚሏት፣ እንደ ዛሬው በባጃጅ አልተጨናነቀችም። የፈረስ ጋሪ ነበር፣ ጭቃ ነበር፣ ከሌሞ ገብስ ጭነው የሚገቡ ገበሬዎች ነበሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝምታ ነበር። ደስ የሚል ዝምታ እንዳይመስልህ፤ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ዝምታ ነው። የወንጌላውያኑ አብያተ ክርስቲያናት ታሽገው ነበር። ለጸሎት ተሰብስበው የተገኙ ይታሰሩ ነበር። እኛ ካቶሊኮች ነን፤ የእኛዋ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አልታሸገችም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ልንሰማ ስንሄድ የጎረቤቶቻችን ዓይን ከአጥር ውስጥ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይከተለን ነበር። አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩንም። ዝም ብለው ያዩን ነበር።

ከታሸጉት ትልቁ በኋላ ተከፈተ፤ የቀበሌ አዳራሽ ሆኖ ነው ታዲያ። አግዳሚዎቹ እነዚያው ረጃጅሞቹ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ነበሩ። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ መስቀሉ የተነቀለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። የሦስቱን ፂማሞች ፎቶግራፍ እዚያ ላይ ሰቀሉት፤ ፎቶው አነስ ስላለ ግን የመስቀሉ ክንዶች ግራና ቀኝ ብቅ ብለው ቀሩ። የመዘምራኑ ዕቃም ተወረሰ። አምፕሊፋየሩ፣ ጊታሮቹ፣ አኮርዲዮኑ፣ ሁሉም ለቀበሌው ኪነት ተሰጠ። አምፕሊፋየሩ ሲሞቅ የነበረው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የጋለ አቧራና የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ነበር።

የኪነቱ መሪ እሱ ነበር፣ ዛሬ የቀበርነው ጊታሪስት። ልጅ እያለ አዲስ አበባ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ይጫወት ነበር። የሰዓት እላፊው ሥራውን ሲዘጋበት እናቱ ዘንድ ተመለሰ። ይዞ የመጣው ጠባብ ሸሚዝ፣ ረጅም የቀኝ እጅ ጥፍርና መጥፎ ጠባይ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ወንጌላውያን ናቸው፤ እሱ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ከመታሸጉ በፊትም ደጁን አይረግጥም ነበር። ከበሮ መቺው የእኔ ታላቅ ወንድም ነው። ቤዙን የሚጫወተው ልብስ ሰፊ ነበር፣ አኮርዲዮኑን የያዘው ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህር። ባንዱ በቃ ይኸው ነው።

የቀበሌው ሥራ ቀላል ነበር። ሰልፍ ሲኖር ማርሽ ይመታሉ፣ ልጃገረዶች የእንጨት ጠመንጃ ይዘው ይጨፍራሉ፣ ካድሬው ያጨበጭባል። ጊታሪስቱ ማርሹን ሲጫወት ጥርሱን ያመመው ይመስል ነበር። አንድ ቀን ካድሬው ዘንድ ሄደና «ጓድ፣ ይህ ማሽን በየሳምንቱ ካልተሞከረ እርጥበት ይገባበትና ይቃጠላል» አለው። ካድሬው ስለ ማሽን የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ አላውቅም ማለትም አይወድም። «ይሞከር» አለ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጄኔሬተር ይነሳና የድምፅ ሙከራ ይደረግ ጀመር።

በዚህች ከተማ እንደዚያ ሙከራ ያለ ሙዚቃ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አልተሰማም። ግጥም አልነበረውም። የሚጨፈርበትም አልነበረም። ጊታሪስቱ ጊታሩን ወደ አምፕሊፋየሩ ያስጠጋና እንዲጮህ ይተወው ነበር፤ ጠዋት አንተን ያስደነገጠህን ያንን ጩኸት ነው የምልህ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማዋል፣ ከዚያ ጊታሩን በቀስታ እያዞረ ጩኸቱን ያወፍረዋል፣ ያቀጥነዋል፣ በስተመጨረሻ ሰው ከሩቅ የሚያንጎራጉር እስኪመስልህ ድረስ ያለዝበዋል። ወንድሜ ከከበሮው ጎን ባዶ የዘይት በርሜል ነበረው። ልብስ ሰፊው ቤዙን አንድ ቦታ ላይ ይዞ ንቅንቅ አይልም። አኮርዲዮኑ አንዷን ድምፅ ይይዝና አይለቅም። ከዚያ ጊታሪስቱ ከኪሱ ጠፍጣፋ የቀርከሃ ቁራጭ ያወጣና የጊታሩን ክሮች ይፍቃቸዋል። ክርች፣ ክርች፣ ክርች። ሌሎቹ በዚያ ላይ ተራ በተራ ይገባሉ። ልክ ልብህ መሞቅ ሲጀምር ሁሉም ድንገት ያቆማሉ። ከበርሜሉ አንዲት ደረቅ ድምፅ ትወጣለች፣ «ኽ» የምትል። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እንደገና ክርች፣ ክርች።

«ይሄ ምን ይባላል?» ብለን ጠይቀነው ነበር።

«ሮክ ነው» አለን፣ «ሆሳዕና ደርሶ ጭቃ የነካው ሮክ።»

መጀመሪያ የምንሄደው ጥቂት ተማሪዎች ነበርን። እንዴት እንደምንወዳቸው! ወደ ቤት ስንመለስ ጋሪ እስኪገጨን እንከራከር ነበር። ግማሾቻችን የጊታሪስቱ ነን፣ ግማሾቻችን የአኮርዲዮኑ። ወንዶቹ ሲሄዱ አንገታቸውን ዘንበል ማድረግ አበዙ፤ የቀኝ እጃቸውን ጥፍር አሳድገው ሲመጡ አስተማሪው በመቀስ እያሯሯጠ ቆረጠላቸው። ትምህርት ቤት ስንገናኝ ሰላምታችን «እሑድ ሙከራ አለ?» ሆነ። ወንድሜን እቤት የሚልከው እንጂ የሚሰማው ሰው አልነበረም፤ ያኔ ግን የማላውቃቸው ልጆች መንገድ ላይ ቆመው ያሳልፉት ጀመር። እኔም እህቱ በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ።

ያመጣቻቸው አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይታሸግ በፊት በመዘምራኑ መካከል ብቻዋን ቆማ የምትዘምር እሷ ነበረች። ከታሸገ በኋላ ስታንጎራጉር እንኳ የሰማት የለም። አንድ እሑድ ከእኔ ጋር መጣችና ያ ደረቅ ድምፅ ወጥቶ ዝምታው ሲመጣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በሚቀጥለው እሑድ እናቷን ይዛ መጣች። ከዚያ አክስቶቿን፣ ጎረቤቶቿን፣ ከዚያ የማናውቃቸው ሽማግሌዎች በር በሩን እያዩ መግባት ጀመሩ። ታጥቦ የተተኮሰ ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት። ዱሮ ይቀመጡበት የነበረው አግዳሚ ላይ፣ ዱሮ በሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጣሉ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። ሲያልቅ አያጨበጭቡም። ትንሽ ቆይተው ቀስ ብለው ተነስተው ይሄዳሉ።

ጊታሪስቱ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። «አየሽ» ይለኝ ነበር ገመዱን እየጠቀለለ፣ ልክ አንተ አሁን እንደምትጠቀልለው፤ «አዲስ አበባ ሰው ሥጋ እያኘከ ነው የሚሰማኝ። እዚህ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል። እንዲህ የሚሰማ ሕዝብ ከየት ይገኛል?» መጥፎ ጠባዩ ጠፋ። ፂሙን መላጨት ጀመረ። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልግ የኖረው አንድ ነገር ነው፤ የሚሰማው ሰው። አገኘሁ ብሎ ነበር። ያ ደስታው ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቀርከሃዋ ምን እንደሆነች የማውቀው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ አስምሎ ነግሮኛል። የእናቱ የእንሰት መፋቂያ ናት። አንተ እንኳ የዛሬ ልጅ ነህ፣ ያኔ ግን በእኛ አገር እንሰት ሲፋቅ ወንድ ልጅ አጠገቡ አይደርስም። ነውር ነው፣ የሴት ሥራ ነው። ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ ተደርድረው ሳንቃቸውን አዘንብለው ሲፍቁ ባልም ወንድ ልጅም ዞር ይላል። እሱ ግን በልጅነቱ ከአጥሩ ማዶ ሣር ላይ ተኝቶ ይሰማ ነበር። የመፋቂያው ድምፅ፣ ጭማቂው ሲንጠባጠብ፣ ሴቶቹ በሀዲይኛ የሚያንጎራጉሩት፣ ሁሉም ጆሮው ውስጥ ቀረ። አዲስ አበባ የፈረንጆቹን ሸክላ ሲሰማም ይህ ድምፅ አልለቀቀውም። ሙከራው ያ ጓሮ ነው። ሰዎቹ «ምን ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁት እንኳ ምን ብሎ ይመልሳል? «ሴቶች ሲሠሩ ተደብቄ የሰማሁት ነው» ይበል? ስለዚህ ዝም አለ። እነሱም አልጠየቁም። በታሸገ ቤታቸው፣ በእሑድ ቀን፣ በገዛ አምፕሊፋየራቸው የሚወጣ፣ ቃል የሌለው ድምፅ ምን ሊሆን እንደሚችል ለራሳቸው ወስነው ነበር።

የአብዮት በዓል መጣ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከክፍለ ሀገሩ የሚመጣው እንግዳ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆየ። ማርሹ አለቀ፣ ጭፈራው አለቀ፣ የእንጨት ጠመንጃዎቹ ግድግዳ ሥር ተደገፉ። ሰዉ መንጫጫት ሲጀምር ካድሬው ላቡን እየጠረገ «ሕዝቡ እንዳይበተን አንድ ነገር አጫውቱ!» አለ። ጊታሪስቱ ወደ ወንድሜ ዞረ። «ሙከራ» አለው፣ ፈገግ ብሎ።

እናቱ ያን ቀን ከሌሞ ገብተው ነበር። በሕይወታቸው ልጃቸው ሲጫወት ሰምተውት አያውቁም። ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ቀርከሃዋ ክሩን መፋቅ ስትጀምር ቀና አሉ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ሌላ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ለማወቅ የፈለጉ መሰሉ። ከዚያ ክርኔን ያዙና በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው «ይሄ የእኔ ጓሮ ነው!» አሉኝ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቁ ጀመር። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት እናት የለችም።

ሁሉም ድንገት አቆሙ። ያቺ ደረቅ ድምፅ ወጣች። ዝምታው መጣ። እንግዳው በር ላይ የደረሰው በዚህች ሰዓት ነበር፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ።

ያኔ ነው አዳራሹ «አሜን» ያለው።

ጩኸት አልነበረም። ማንም አስቦ ያለው አልነበረም። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ የሚወጣ ዓይነት ነበር። ያሉት ራሳቸው ደነገጡ፤ አፋቸውን በእጃቸው የያዙ አሉ። ወንድሜ ዱላውን እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። እንግዳው የመስቀሉ ምልክት የቀረበትን ግድግዳ አየ፣ ካድሬውን አየ፣ «ለስብሰባ ነው የመጣሁት ወይስ ለጸሎት?» አለ። የሙዚቃው ሁለተኛ ግማሽ ከዚያን ቀን ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም እዚያው አዳራሽ ተጠራን። ከመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን አግዳሚዎቹ ላይ ወድቆ ነበር፤ ደጅ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። ካድሬው ያን ቀን የሚፈራው ለራሱ ነበር፤ የሚፈራ ካድሬ ደግሞ ከሚቆጣው ይብሳል። ባንዱን ፊት ለፊት አቆማቸው።

«መዝሙር ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም» አለ ጊታሪስቱ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ምን ዓይነት ነገር ሊያወጣ እንደሆነ ከእናቱ፣ ከወንድሜና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «እናቴ እንሰት ስትፍቅ ነው» አለ። «አጥር ሥር ተኝቼ እሰማት ነበር።»

ካድሬው ሳቀ። የሌሞ ገበሬዎች አልሳቁም፤ አፈሩለት፣ መሬት መሬቱን አዩ። እናቱ ከኋላ ተነስተው «እውነቱን ነው። እንሰት ነው» አሉ። «እናት ለልጇ ሌላ ምን ልትል!» ተባሉ። እኔ ተነሳሁ። «እንሰት ነው፣ ጓድ። መፋቂያዋም ኪሱ ውስጥ አለች» አልኩ። «የከበሮ መቺው እህት፣ ተቀመጪ» አለኝ።

ከዚያ ጊታሪስቱ ጊታሩን ለመነ። «ልጫወተውና ራሳችሁ ፍረዱ» አለ። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ስለነበር ያለ አምፕሊፋየር፣ ባዶውን ነው የተጫወተው። አንድ እግሩን አግዳሚ ላይ አድርጎ መፋቅ ጀመረ። እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ግን ከውጭ ያሉት ጠባቂዎች እንኳ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። እንሰት ነበር። ጆሮ ላለው ሰው ጥርት ያለ እንሰት፣ ሳንቃውና ሴቶቹ ሁሉ ያሉበት። ካድሬው ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። እሱም የእንሰት አገር ልጅ ነው፤ ሳይወድ በግድ ሰምቶታል። ይድናል አልኩ። እውነቴን ነው፣ ድኗል ብዬ ነበር።

ያቺ ቦታ ላይ ደረሰ። የጊታሩን እንጨት በጣቱ አንጓ አንዴ መታ፣ «ኽ» አለ። ዝም አለ።

እኔ በልቤ «ዝም በሉ፣ በናታችሁ ዝም በሉ» እል ነበር።

የክፍል ጓደኛዬ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። «አሜን» አለች፣ ብቻዋን፣ በዚያ ለረጅም ጊዜ ባልሰማነው ድምፅዋ። ቀጥሎ እናቷ ተነሱ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ አግዳሚው በሙሉ፣ ከኋላው ያለውም። «አሜን» አሉ። የመጀመሪያው ቀን አሜን አምልጧቸው ነው፤ ይህኛውን ግን ምን እንደሚያመጣባቸው እያወቁ አሉት።

«መዝሙራችን ነው» አለች። «አንክደውም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ በፍቅር፣ እያለቀሰች «አንተም አትካድ፣ ወንድሜ» አለችው።

ጀግና ነበረች። ይህን አልነፍጋትም። በእስር ቤት የውስጥ እግሯን ገርፈዋት እምነቴን አልለውጥም ብላለች፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደምል እግዚአብሔር ይወቅ። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ያንን ሙዚቃ የገደለው ክፉ ሰው ቢሆን እረግመውና ይወጣልኝ ነበር። የገደሉት የሚወዱት ናቸው።

ያን ጊዜ ፊቱን አይቼዋለሁ። ፍርሃት አልነበረበትም። በሩን ከፍቶ ሲገባ የገዛ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ያገኘው ሰው ይመስል ነበር። እነዚያን የተጨፈኑ ዓይኖች ሁሉ አንድ በአንድ አያቸው። እነዚያ ሁሉ እሑዶች ማንም እየሰማው እንዳልነበር ያኔ ገባው። ጊታሩን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና እጁን ለማሰሪያ ዘረጋ።

ባንዱ ፈረሰ። ልብስ ሰፊውንና መምህሩን አስጠንቅቀው ለቀቋቸው። ወንድሜን ከከተማው አርቀው ሙዱላ ላኩት፤ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ፣ ከበሮ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ጊታሪስቱ ታሰረ። በጠየቁት ቁጥር «እንሰት ነው» ይል ነበር። አብረውት የታሰሩት አማኞች ክህደት መሰላቸውና ጸለዩለት። በመጨረሻም ይቅር አሉት። ይቅር አሉት፣ ትሰማለህ? ለእናቱ እንሰት ይቅርታ አደረጉለት። ያቺ ልጅ ደግሞ እዚያው እስር ቤት ከሴቶቹ ክፍል ዜማውን እያንጎራጎረች ግጥም ሠራችለት። ግጥሙ ከተፈቱት ጋር ወጣ፤ ዱራሜ ደረሰ፣ አንጋጫ ደረሰ፣ በየጓዳው በሹክሹክታ ተዘመረ። እናቱ ከሌሞ ቆጮ እየተሸከሙ እስር ቤቱ ደጅ ሲመላለሱ ቆዩ። በሁለተኛው ክረምት ብርዱ ደረታቸው ውስጥ ገባና ሳይፈታ ሞቱ። አልቀበራቸውም።

ሲፈታ ገበያው መንገድ ላይ ሬዲዮ የሚጠግንባት አንዲት ጠባብ ቤት ከፈተ። የቀለጠ እርሳስ ትሸት ነበር። ጊታር ይዞ ያየው የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ የአባቴን ሬዲዮ ይዤ ሄድኩ። ሬዲዮውን ፈትቶ ብዙ ከነካካ በኋላ፣ ቀና ሳይል፣

«አንቺስ ሰምተሽው ነበር?» አለኝ።

«ሰምቼዋለሁ» አልኩት።

«ምን ሰማሽ?»

የሰማሁትን ነገርኩት። ጓሮውን፣ ጠዋቱን፣ የተደረደሩትን ሴቶች፣ ሳንቃው ላይ የሚወርደውን ጭማቂ። ከዚያ «መሃል ላይ እናትህ ያስላቸዋል» አልኩት። «ሁሉም መፋቁን አቁመው ይጠብቋቸዋል። ሲሻላቸው ይቀጥላሉ።» ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ያን የበዓል ቀን ከጎናቸው ተቀምጬ ሲስቁ ሳል መጣባቸው፣ «ኽ» አሉ፣ ያኔ ነው የገባኝ።

እጁ ቆመ። «ሳሏንም ሰማሽው?» አለ። ሬዲዮውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጠኝ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ተከፈቱ፣ መዝሙሩ በካሴት ወጣ። ሊያከብሩት ወደ ሱቁ ይመጡ ነበር። «እንሰት ነው» ይላቸዋል። «ትሕትናው!» እያሉ ይመለሳሉ። ባጃጆቹ መዝሙሩን ከፍተው በበሩ ሲያልፉ የያዘውን ሬዲዮ ድምፅ ከፍ ያደርግ ነበር። በኋላ ሰለቸውና ማስተባበሉን ተወው። ዝምታውንም ምስክርነት አሉት።

ዛሬ መቃብሩ ላይ መዝሙሩን የመራችው ያቺው ልጅ ናት። አርጅታለች፣ ድምፅዋ ግን እንዳለ ነው። ልጠላት ስንት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። አንተም ስፒከሩን አስተካክለህላት አማረ። ግጥሙ መሃል ላይ የሚያርፍባትን ቦታ ታውቃታለህ፤ መዘምራኑ ዝም የሚሉባትንና ሕዝቡ አሜን የሚልባትን። ያች ቦታ የእናቱ ሳል ናት።

ዛሬም እዚያች ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። መቃብሩ ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔ አላልኩም። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳልኩ። ድምፅ አውጥቼ፣ ሣጥኑ እንዲሰማው አድርጌ ሳልኩለት።

አንተ ያመመኝ መስሎህ ውሃ ይዘህ ሮጥክ። ተባረክ፣ ልጄ። አላመመኝም ነበር።